አክተር አይሞትም

ደብረ ሲና ውስጥ ልጅ እያለሁ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን። አክተር አይሞትም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ ግን ያውቀዋል። አክተር ማለት ዋናው ሰውዬ ነው። ሌሎቹም አክተሮች መሆናቸውን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ለእኛ በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ አክተር ብቻ ነበር፣ የቀሩት ወይ ሌባ ናቸው፣ ወይ የአክተሩ ፍቅረኛ፣ ወይ የአክተሩ ጓደኛ። የአክተሩ ጓደኛ ይሞታል። ፊልሙ ገና ሲጀመር ከአክተሩ ጋር ተቃቅፎ የሚስቅ ሰው ካየን "በቃ ይሄ አለቀለት" እንል ነበር። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መግባት ነውር ስለነበር እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ፊልም ጥቂት ነው። አብዛኛውን ያየሁት በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከኋላ የሚገፉኝን በክርኔ እየመከትኩ። የቀረውን ማታ ወንድሜ ይተርክልኛል። ሲተርክ ይጨምራል። የህንዱን ከካራቴው ያዳቅለዋል፣ ዘፈኑን ይዘልና ድብድቡን እጥፍ ያደርገዋል፣ ሌባው የሚናገረውን ደግሞ የሰፈራችን ሰካራም በሚናገርበት ድምፅ ነው የሚያወራው። በኋላ ፊልሙን ራሴ ሳየው "የወንድሜ ይሻል ነበር" ብዬ የተናደድኩበት ጊዜ ሁሉ አለ።

ይህን የማነሳው ሰዎች "ፋን" ስለ መሆን ሲያወሩ ነገሩ ትናንት በኢንተርኔት የገባ ስለሚያስመስሉት ነው። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲከራከሩ ማምሸት፣ ላልነበረ ሰው ማልቀስ፣ ደራሲው ጨረስኩ ያለውን ታሪክ ነጥቆ በራስ መንገድ መቀጠል። ቃሉ አዲስ ይሁን፣ እሺ። ሥራው ግን እኛ ቤት ድሮም ነበር። አያቴ ፋን ነበረች። ብትሰማኝ በመቋሚያዋ ትለኝ ነበር እንጂ፣ ነበረች።

ታሪኩን የነገረችኝ እናቴ ናት። ያኔ ልጃገረድ ሆና መንዝ ነበሩ፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ በኢትዮጵያ ሬዲዮ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ይተርካል። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ አላነበበችውም። ለእሷ መጽሐፍ ሳይሆን ድምፅ ነው። ባትሪ ድንጋዩ እንዳይደክም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መንዝ ላይ ፀሐይ ስትገኝ ማለት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ባና የተከናነበ ሰው ሁሉ እሳቱን ከቦ ይቀመጣል፣ ሕፃን ካለቀሰ ይወጣል፣ ያስነጠሰ ሰው ይገላመጣል።

እና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ታሪኩን የምታውቁት ታስታውሳላችሁ፣ በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ቦጋለና ውድነሽ ልጅ እየሞተባቸው ሲቸገሩ ይሄኛው ካደገልን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እናደርገዋለን ብለው ተስለውበታል። ስለዚህ ሰብለ ወንጌልን መውደዱ እንዲሁ የድኻና የመኳንንት ልጅ ፍቅር ብቻ አይደለም፣ ስለት ማፍረስም ነው። እናቴና እኩዮቿ "ይውደዳታ! እሱ ተሳለ እንዴ? የተሳሉት እነሱ!" ይላሉ። አያቴ ደግሞ ስለት በዋዛ የሚታይባት ሴት አልነበረችም። "አፍ ካወጣው በኋላ የለም። ያገኘዋል፣ ታያላችሁ" ትላለች። ትረካው ካለቀ በኋላ ክርክሩ ይቀጥላል፤ ውኃ ሲቀዳ ይቀጥላል፣ እንጨት ሲለቀም ይቀጥላል። በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ብቻ ሁሉም ተስማምቷል። ሰውዬው በአጥር ማዶ የሚኖር ይመስል ነው የሚሰደበው።

በዛብህ የሞተ ለት ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው አያቴ ናት። እናቴ እስከ ዛሬ ይገርማታል። "አላልኩም ወይ?" ትላለች ብለው ሲጠብቁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ አለች አሉ። እራት አልበላችም። ሌሊት ደግሞ ለራሷ ስትናገር እናቴ ሰማቻት፦ "ምናለ ትንሽ ቢቆይ!"

እኔ ፋን ሲባል ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ትክክል መሆኗን እያወቀች ትክክል ባልሆንኩ ያለች አሮጊት።

ቃሉን ካነሳን፣ "ፋን"ን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ክርክር እኔን ብዙ አያስጨንቀኝም። "አድናቂ" ሩቅ ነው፣ አድናቂ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። "ደጋፊ" ካልክ ኳስ ሜዳ ይሄዳል። "ሱሰኛ" እውነቱን ይናገራል፣ ግን ቤተሰብ ፊት አይባልም። "ልብ ወለድ" የሚለውን ቃል ግን እወደዋለሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን ታሪክ "ልብ ወለድ ታሪክ" አለው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው እሱ ነው፣ የጽሑፉ ዓይነት ስሙን ይዞ ቀረ። ልብ የወለደው። ታዲያ ልብ የወለደውን ልጅ ሌላ ልብ ቢያሳድገው ምን ይላል? እኔ ያሳደግኩት አለ። አሁን ወደሱ ልምጣ።

አስፋልቱ ዳር፣ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሱቅ ነበር። ላምባ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ባለ 32 ገጽ ደብተር። ከባለሱቁ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ስድሳ የሚሆኑ መጻሕፍት፣ ሁሉም በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጡ፣ ጀርባቸው ላይ በቀይ እስክርቢቶ ቁጥር የተጻፈባቸው። ርዕስ የለም፣ ቁጥር ነው ያለው። "14ን ስጠኝ" ነው የሚባለው። የአንድ ቀን ኪራይ 25 ሳንቲም። ካሳደርከው እንደገና 25። መያዣ ደግሞ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ የማስይዘው የእናቴን ሰፌድ ነበር፣ እሷ አታውቅም።

41 ቁጥር የትርጉም የስለላ ልብ ወለድ ነው። ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም ምክንያቱም ሽፋኑም የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም። መሐሉን ግን በኩራዝ ጨረስኩት፤ አፍንጫዬ በጥላሸት ጠቁሮ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ሳቁብኝ። ሰላዩ በርሊን ውስጥ ድልድይ ላይ ቆሟል። እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ከኋላው የእግር ኮቴ ይሰማል። "ዞር ሲል ያየው ሰው" ይላል መጽሐፉ፣ በቃ። ተቀዷል። ቀጥሎ የሲሚንቶው ወረቀት ነው ያለው።

ሮጬ ሄድኩ። "መጨረሻውስ?" አልኩት።

"ይሄው ነው።"

"አላለቀማ! ዞር ሲል ያየው ሰው ይላል፣ ማንን እንዳየ አይናገርም።"

"አንቺ ልጅ፣ በ25 ሳንቲም ስንት መጽሐፍ ልታነቢ ፈለግሽ?"

መልሱ እውነት ነበር፣ ግን እንቅልፍ አይሰጥም። ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ቀን ከደብተሬ መሐል አራት ሉክ ገንጥዬ ስምንት ገጽ ጻፍኩ። ሰላዩ ዞር ሲል ያየው ሰው ጓደኛው ነው! ሞቷል የተባለው ጓደኛው፣ በ20ኛው ገጽ አካባቢ ባሕር ውስጥ የገባው። አልሞተም ነበር። የአክተር ጓደኛ ሁልጊዜ መሞቱ ለካ ያበሳጨኝ ነበር፤ እጄ እስክርቢቶ ሲይዝ ነው የገባኝ። በርሊንን አላውቃትም። ብርዱን ከደብረ ብርሃን ወሰድኩላት፣ የኅዳር የጠዋቱን። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ውርጩ ጢማቸው ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት ቤት ገብተው ትኩስ ነገር ይጠጣሉ። አረቄ ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ከሱ በፊት ግን ሰላዩ አማትቧል፣ እሱን አልሰረዝኩትም።

ወረቀቱን ለባለሱቁ ሰጠሁት። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቆሞ አነበበው፣ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰው እያስጠበቀ። ሲጨርስ ምንም አላለም። ከመሳቢያው የጆንያ መስፊያ መርፌ አወጣ፣ ክር አስገባ፣ ስምንቱን ገጽ ከ41 ጋር ሰፋው። ከዚያ ወዲያ ኪራዩ 30 ሳንቲም ሆነ። "ለምን ጨመረ?" ሲሉት "ሙሉ ነው" ይላቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያች አምስት ሳንቲም አንዲቷንም አላየኋት። ይሄ ቂም አሁንም አለኝ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ደስታው ሌላ ቦታ ነው የነበረው። 41 እየሄደ ሲመለስ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ይዞ መምጣት ጀመረ። እኔ ገጽ ላይ አንዱ በእርሳስ "ውሸት!!" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሌላ ሰው በሰማያዊ፦ "አንተ ምን አገባህ"። ከሱ ሥር በሦስተኛ እጅ ጽሑፍ፦ "ሰላይ አያማትብም"። አስተማሪ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፣ አራት ነጥቡን በደንብ ነው ያስቀመጠው። ለሱ ደግሞ አንድ ሰው መለሰለት፦ "ኦርቶዶክስ ከሆነስ?" ይሄን ያየሁ ቀን ከሱቁ እስከ ቤት መሬት አልረገጥኩም። ማን ጻፈው ብዬ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የእጅ ጽሑፍ ማየት ጀምሬ ነበር፣ የዕቁብ መዝገብ ሳይቀር። አላገኘሁትም።

ከዓመት በኋላ አንድ የደሴ መስመር ረዳት ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን ይዞ መጣ። ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ገዳዩ ነው። ሰላዩ ይሞታል። አክተሩ! ረዳቱ ባለሱቁን "አጭበርባሪ ነህ፣ 30 ሳንቲም ያስከፈልከኝ ውሸት ነው" ብሎ ሲጮህበት እኔ ስኳር ልገዛ ቆሜ ነበር፣ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ባለሱቁ አልደነገጠም። መጽሐፉን በቅናሽ ገዛው፣ 41 ብሎ ቁጥር ሰጠው፣ የድሮውን "41 ሀ" አለው። ሰው ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ "ያኛው ይሞታል። የእኛው ይተርፋል። የቱን ልስጥህ?"

የእኛው ክሩ እስኪበጠስ ድረስ ተከራየ።

በኋላ፣ ብዙ በኋላ፣ ሎንዶን ላይ የሆነውን ሳነብ ያ ረዳት ነው ትዝ ያለኝ። ደራሲው ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን መጻፍ ሰልችቶት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ ካለ ፏፏቴ ላይ ወርውሮ ገደለው። አንባቢው አበደ። ታሪኩ የሚወጣበትን መጽሔት መግዛት ያቆመው ብዙ ነው፣ የስድብ ደብዳቤ ተላከለት። ደራሲው ስምንት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ የአንድ ትልቅ ውሻ ታሪክ ይዞ መጣ፤ ግን ተንኮል አለው፣ ታሪኩ ከመሞቱ በፊት የሆነ ነው። አንባቢ በዚህ አይሸነገልም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1903 ደራሲው እጅ ሰጠ፤ ሆምስ ለካ አልወደቀም ነበር፣ በገደሉ ጠርዝ አምልጦ ነው። እኔ ጓደኛውን ከባሕር ያወጣሁበት ዘዴ ከዚህ በምን ያንሳል? እሱ ተከፍሎታል፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

የኛ በዛብህ ግን አልተነሳም። የሐዲስ ዓለማየሁ አንባቢ አልቅሶ ዝም ነው ያለው። ይልቅ የገጸ ባሕርያቱን ስም ሰው ላይ አደረገው። ቀጥ ብሎ እውነት የሚናገር፣ ሰው እብድ ነው የሚለው፣ በየሰፈሩ አንድ ጉዱ ካሣ አለ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ይጠራዋል። እኔ ከመነሳት የሚቆጠር ይመስለኛል።

አሁን ስለ ራሳችን ከተማ። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ የአማርኛ መምህራችን እንደ ዋዛ "የናንተ ከተማ እኮ ልብ ወለድ ውስጥ አለች" አለን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደብረ ሲና? ሰው ቆሎ ገዝቶ የሚያልፋት? ዳኛቸው ወርቁ የዚሁ ልጅ ነው፣ "አደፍርስ"ን በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትም ታሪኩን ያስቀመጠው እዚሁ አካባቢ ነው። በእንግሊዝኛም እ.ኤ.አ. በ1973 ሌላ ልብ ወለድ አውጥቷል። እና እኛ ይሄን ሁሉ ዓመት በርሊን ስንሄድ የከረምነው!

መምህሩ የራሱን ቅጂ አዋሰኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከበደኝ። በሳምንት 40 ገጽ እንኳ አልሄድኩም። እንደ 41 ቁጥር አይደለም፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ማን ማንን እንደሆነ ጠፍቶህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ፣ ሥርዓተ ነጥቡም የራሱ ነው። የያዘኝ ወሬው ነው። ሰዎቹ የሚያወሩት ልክ ቤታችን እንደሚወራው ነው፤ ነገር በነገር ተጠልፎ፣ ተረቱ ከሐሜቱ ተቀላቅሎ፣ አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ። አደፍርስ የሚባለው የተማረ ልጅ ደግሞ መጥቶ ሁሉን ይጠይቃል፣ ሁሉን ይነካካል። ስሙ ራሱ ሥራው ነው፣ የረጋውን ያደፈርሳል። መጨረሻውን አልናገርም። ስለ በዛብህ የተናገርኩት ርዕሱ ራሱ ስለተናገረ ነው፣ ይሄኛው ግን አደራ።

እኔና ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለን ወጣን። ፍለጋ ነው። ሽቅብ ወደ ጣርማበር አቅጣጫ፣ ጣሊያን ያስፈለፈለው ዋሻ ወዳለበት። ጉሙ እንደ ልማዱ ከላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ሁለት እርምጃ ፊት ያለው ሰው አይታይም፣ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ከመጽሐፉ የሰማነውን ከምናየው ልናገጣጥም ነው። "ያቺ ዛፍ ትሆን?" "ያ ቤት ነው?" አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት ስንመላለስ አይተው "ምን ጠፋችሁ ልጆቼ?" አሉን። ጓደኛዬ ሳታፍር "የወይዘሮ አሰጋሽን ቤት እየፈለግን ነው" አለቻቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ወይዘሮ ናቸው፣ ንብረትም ጸሎትም የበዛላቸው።

"አሰጋሽን? ምነው በደህና?" ብለው በጣታቸው ጠቆሙን። ሄድን። እውነትም አሰጋሽ የሚባሉ ሴትዮ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ምን እንበላቸው? "ውኃ ጠምቶን ነው" አልን። ውኃ ሰጡን፣ ዳቦ ጨመሩ፣ የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁ፣ ከጓደኛዬ አያት ጋር ዝምድና ቆጠሩ። ስንወጣ ጓደኛዬ በሹክሹክታ "ትመስላለች አይደል?" አለችኝ። ምንም አትመስልም። እኔም "በጣም" አልኳት።

ዳኛቸው ብቻ አይደለም። የዚህ ደጋ ልጆች ለልብ ወለድ የዋሉትን ሳስብ ደረቴን ነፋ ያደርገኛል። "ወዳጄ ልቤ"ን እና "አዲስ ዓለም"ን የጻፉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ናቸው፤ የሼክስፒርን ሮሚዮና ዡልየት ወደ አማርኛ ያመጡልን እሳቸው ናቸው። ሁለት ፍቅረኛሞች፣ ጠበኛ ቤተሰብ፣ መጨረሻው መቃብር። አያቴ ብትሰማው ኖሮ ሌላ ሳምንት እራት የለም ነበር።

አጎቴ ደግሞ የሚያነበው አንድ ደራሲ ብቻ ነው፣ በዓሉ ግርማን። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው የሠራው ዕድሜውን ሙሉ፤ ቤቱ ስንሄድ ከአልጋው ሥር፣ ከጤፍ ጆንያው ጀርባ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ነበረው። "ኦሮማይ"። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። የተሰበሰበ መጽሐፍ ደግሞ እንደምታውቁት ይበልጥ ይነበባል። አጎቴ ጋ የደረሰው ለአንድ ሌሊት ነበር፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሚቀጥለው ሰው ማስረከብ አለበት። በሻማ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ እስኪነጋ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው የፊያሜታ ነገር ሲነሳ አሁንም ድምፁ ይቀንሳል። የራሱን ቅጂ የገዛው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፣ ግን በጋዜጣ መጠቅለሉን አልተወም። ልማድ ሆኖበታል።

ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ስጠይቀው ስለ ደራሲው መጨረሻ ነው የሚነግረኝ። በዓሉ ግርማ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። "እስኪ ይሄን ጻፊለት" አለኝ አንድ ቀን፣ ሰላዩን ያዳንኩበትን ታሪክ ሰምቶ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ሁለታችንም አልሳቅንም። አልጻፍኩም፣ አልችልምም።

ከዚያው ዘመን አንድ ሌላ ነገር ሁሌ ይደንቀኛል። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቁን ልብ ወለድ ተረጎመ፣ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ የታተመውን። ወረቀት የለም። የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው፤ ተጽፎ በቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ወጣ። ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ የአሜሪካ መጽሐፍ በብርማ ወረቀት! እኔ አራት ሉክ ቀድጄ ደብተር አባከንሽ ተብዬ የተገረፍኩት ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ፈረንጆቹም ሲጀምሩ እንዲሁ በእጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ስታር ትሬክ የሚባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ የሚወዱ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክና ጽሑፍ እያባዙ በፖስታ መላላክ ጀመሩ፣ ስፖካናሊያ የሚባል መጽሔት አደረጉት። አሁን ያ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን በአንባቢ የተጻፉ ቀጣይ ታሪኮችን የሚያኖር ጎተራ ነው፣ በ2019 ደግሞ ትልቁን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ሁጎን ወስዷል። ስሰማ ያ ባለሱቅ ነው ትዝ ያለኝ። እነሱ ስቴፕለር ነበራቸው፣ እኛ የጆንያ መስፊያ።

የኛው ጎተራ አሁን ቴሌግራም ነው። የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ እሷም ትጽፋለች። "ክፍል 23። ይቀጥላል። 200 ላይክ ሲሞላ ክፍል 24 ይለቀቃል።" ይሄን የላይክ እገታ አልወደውም፣ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ደግሞ ለምንድን ነው ሀብታሙ ልጅ ሁልጊዜ ናቲ የሚባለው? ለምንድን ነው ድኻዋ ልጅ መጀመሪያ በጥፊ የምትመታው? ግን ይሄን እየተናገርኩ 200ኛውን ላይክ የምጫነው እኔ ነኝ። ቀድሞ ገብቶ "ቀጣዩን ቶሎ በይ!" የሚላትም፣ ስሙ በማይገለጽ አካውንት፣ ማን እንደሆነ ገምቱ።

አንድ ነገር ግን አይዋጥልኝም። አንዳንዱ አንባቢ ታሪኩ እንደፈለገው ካልሄደለት የጻፈችውን ልጅ ይሰድባል፣ እናቷን ይጨምራል። እኛ ጊዜ "ውሸት!!" ነበር ከፍተኛው። የወደድከው መጨረሻ ካልመጣልህ አራት ሉክ ቀድደህ የራስህን ጻፍ።

ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ነበርኩ። ቅዝቃዜው እንደምታውቁት ነው፣ ከሰሉን ከበን፣ እናቴም ጋቢዋን ደርባ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ልጅቱ ስልኳን ይዛ ፊቷ ተለዋውጧል። ናቲን ገድላዋለች። የመኪና አደጋ፣ ክፍል 31። ከጠዋት ጀምሮ አስተያየቱ ይዘንባል፦ "አንብቤ አላውቅሽም ከዛሬ ወዲያ"፣ "ህልም ነው በይ እባክሽ"፣ "እናቴ ሞታ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም" (ይሄ ሰው እናቱ በሕይወት እንዳለች እጠረጥራለሁ)። "ምን ላድርግ?" አለችኝ። "ላስነሳው? ውሸት ይሆናል። ልተወው? ይሄዳሉ።"

ስለ ኮናን ዶይልና ስለ ፏፏቴው ነገርኳት። ስምንት ዓመት አላት ማለት ነው ለማሰብ። አላሳቃትም።

እናቴ ያልሰማች መስላ ስትልጥ ቆየችና "እስኪ አንብቢልኝ" አለች። ልጅቱ አነበበችላት፣ ክፍል 31ን ሙሉውን። መኪናው፣ ዝናቡ፣ የጣርማበር መጠምዘዣ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች፣ ልክ ባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅ እንደሚሰማ ሰው ሳትተነፍስ። ሲያልቅ ሽንኩርቱን አስቀመጠች።

"መኪና ውስጥ ብቻውን ነበር?"

"አይ፣ ከጓደኛው ጋር። ሳሚ ይባላል።"

"እንግዲያው ምን ያስጨንቅሻል" አለች እናቴ፣ ሽንኩርቷን መልሳ እያነሳች። "ሳሚን ግደዪው።"